ለጣና ዳር ቀረሶ የሚሆን ቀላልና ርካሽ ዘንግ አመራረጥ

ባሕር ዳር ላይ ከጀልባ መቆሚያ ጥግ ሆኖ ቀረሶ (ቲላፒያ) ለመያዝ የሚያስፈልገው የማጥመጃ ዘንግ ሱቅ ውስጥ ቶሎ ዓይን የሚገባው ዓይነት አይደለም። እንደ ራዲዮ አንቴና የሚመዘዘው፣ ከ2.4 እስከ 3 ሜትር የሚረዝመው ወፍራም ዘንግ ከ50 ግራም በላይ የሚመዝን የእርሳስ ክብደት ወደ ሩቅ ለመወርወር የተሠራ ነው። በእሱ ላይ የአተር ፍሬ የምታህል ሊጥ ብታንጠለጥሉ ዓሣው ሲነካካው ጫፉ አይነቃነቅም። ቀጭን ክር ብታስሩበት ደግሞ ዓሣው በድንገት ሲስብ የሚያላላለት ነገር ስለሌለ ክሩ ይበጠሳል። ሰው ዘንግ ሲገዛ ርዝመቱንና ጥንካሬውን ያያል፤ ለቀረሶ ግን የሚገዛው ጫፉ ነው።

ለዚህ ሥራ የሚሆነው በገበያ ‹አልትራላይት› የሚባለው እጅግ ቀላሉ የዘንግ ዓይነት ነው። ከ1 እስከ 7 ግራም የሚመዝን ነገር ይወረውራል፤ ከ1 እስከ 3 ኪሎ የሚችል ቀጭን ክር ይይዛል፤ ርዝመቱ ብዙውን ጊዜ ከ1.5 እስከ 2.1 ሜትር ነው። ከውጭ ከሚመጡት ውስጥ ‹ክራፒ› የሚል ጽሑፍ ያለባቸው አሉ። ክራፒ የሰሜን አሜሪካ ዓሣ ነው፣ ጣና ውስጥ የለም። ሆኖም እሱም የጀልባ መቆሚያ ጥላ ይወዳል፣ ምግቡንም በቀስታ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ለእሱ የተሠራ ዘንግ ለቀረሶም ይሆናል። ልዩነቱ የክራፒ አፍ ስስ በመሆኑ በኃይል ከተሳበ ይቀደዳል፤ ለዚህም ሲባል አንዳንዶቹ የክራፒ ዘንጎች እስከ እጀታቸው ድረስ ልል ናቸው። ቀረሶ አፉ ጠንከር ያለ ነው፣ ሲያዝም ሰፊ ጎኑን ለውሃው ሰጥቶ አጥብቆ ይስባል፣ ወደ መቆሚያው እግር ሮጦ ክሩን ሊጠመጥምም ይሞክራል። እስከ ታች ልል የሆነ ዘንግ ይህን ሩጫ አያቆምም። ጫፉ ለስላሳ፣ ከመሐሉ ወደ ታች ግን እምቢ የሚል ነው የሚፈለገው።

ዘንጉ ላይ የተጻፈው

ከእጀታው በላይ ያለው ጽሑፍ ብዙ ጊዜ በጫማ፣ በአውንስና በፓውንድ ነው። 1 ጫማ 30.5 ሴንቲሜትር ነው፤ 6 ጫማ ማለት ወደ 1.83 ሜትር ይሆናል። የሚወረወረው ክብደት በአውንስ ክፍልፋይ ይጻፋል፦ 1/32 ወደ 0.9 ግራም፣ 1/16 ወደ 1.8፣ 1/8 ወደ 3.5፣ 1/4 ወደ 7 ግራም ነው። ‹ከ1/32 እስከ 1/4› የሚል ዘንግ ካያችሁ የምትፈልጉት እሱን ነው። የክሩ ጥንካሬ ከ2 እስከ 6 ፓውንድ ከሆነ ከ0.9 እስከ 2.7 ኪሎ ማለት ነው። ከቻይና በሚመጡት ላይ ‹ሲ ደብሊው› ከሚሉት ፊደሎች ቀጥሎ በግራም ይጻፋል። ‹ዩ ኤል› አልትራላይት ነው፤ ‹ኤል› ብቻ ከሆነ አንድ ደረጃ ጠንከር ይላል፤ ‹ኤም› ካለበት ለቀረሶ አትግዙት።

ችግሩ ርካሽ ዘንግ ላይ የሚጻፈውን ማንም አለመቆጣጠሩ ነው። ዩ ኤል ተብሎ ተለጥፎበት 20 ግራም እንኳ የማያጎብጠው አለ። ‹ካርቦን› የሚለውም ቃል ካርቦኑ ከመቶ ስንት እጅ እንደሆነ አይናገርም። ስለዚህ ጽሑፉን ለመጀመሪያ ማጣሪያ ተጠቀሙበት፣ ውሳኔውን ግን ከታች በምናሳየው የሳንቲም ፍተሻ ስጡ።

ርዝመቱን ቦታው ይወስነዋል

ስንት ሜትር ልግዛ ከማለት በፊት የምትቆሙበትን ቦታ ቀና ብላችሁ እዩት። በሐይቁ ዳር ብዙ ቦታ ላይ የሾላና የዋርካ ቅርንጫፍ እስከ ውሃው ይንጠለጠላል፤ አንዳንዱ የጀልባ መቆሚያም ጣሪያ አለው። እንዲህ ባለ ቦታ ከ1.5 እስከ 1.7 ሜትር ይበቃል፤ ከዚያ የረዘመ ዘንግ ስትወረውሩም ዓሣ ስታወጡም ጫፉ ከላይ ይጋጫል። አወራወሩም ከትከሻ በላይ መሆኑ ይቀርና ተንሳፋፊውን (ውሃ ላይ ቆሞ ዓሣው መንካቱን የሚያሳየውን) ከጉልበት ከፍታ ወደፊት ማወዛወዝ ይሆናል። በመቆሚያው ወለል ሥር ወዳለው ጥላ ለማስገባት ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፦ እርሳሱን በሁለት ጣት ይዞ፣ ክሩን ወጥሮ፣ ዘንጉን ማጎበጥና መልቀቅ። ክራፒ የሚያጠምዱ ሰዎች አዘውትረው የሚያደርጉት ነው። ጣት ላይ መንጠቆ እንዳይሰካ መያዝ ያለበት እርሳሱ ነው፣ መንጠቆው ከመዳፍ ውጭ ይንጠልጠል። ለዚህ ዘዴ ዘንጉ አጭርና ቶሎ የሚመለስ መሆን አለበት።

ከላይ ክፍት ከሆነ 1.8 ሜትር የሁሉም መካከለኛ ነው። አንድ ዘንግ ብቻ ለመግዛት አቅም ያለው ሰው ብዙ ሳያስብ ይህን ይግዛ።

የድንጋይ ግንብ ላይ ወይም ከደንገል ጀርባ ከቆማችሁ ነገሩ ይለወጣል። ክሩን ከደንገሉ በላይ አሳልፎ ማውረድ፣ ዓሣውንም በላዩ አንስቶ ማምጣት ስላለባችሁ 2.1 ሜትር እንኳ ሊያጥር ይችላል። እዚህ ቦታ ላይ ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚሆን፣ ማጠንጠኛ (ክሩን የሚጠቀልለው መሣሪያ) የሌለው ዘንግ ይሻላል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የሐይቁንም ከፍታ አስቡ። ጣና ክረምቱ ሲያበቃ፣ በመስከረምና በጥቅምት፣ ይሞላል፤ በግንቦትና በሰኔ መጀመሪያ ዝቅ ይላል። ልዩነቱ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። በጥቅምት 2 ሜትር ውሃ የነበረበት መቆሚያ በግንቦት ጉልበት ድረስ ሊሆን ይችላል፤ ቀረሶውም ከዚያ ወጥቶ ጠለቅ ወዳለው ይሄዳል። በሌላ በኩል ውሃው ከዘንጋችሁ ርዝመት በላይ ከጠለቀ ተንሳፋፊውን ክሩ ላይ አንድ ቦታ ቆልፎ መወርወር አይቻልም፤ ከተንሳፋፊው እስከ መንጠቆው ያለው ክር ከዘንጉ ይረዝማልና። ያኔ ተንሳፋፊው ክሩ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች እንዲንሸራተት አድርጋችሁ፣ በምትፈልጉት ጥልቀት ላይ ክሩን በሌላ ክር ቋጥሩበት። ቋጠሮው በዘንጉ ቀለበቶች ውስጥ የሚያልፍ፣ በተንሳፋፊው ቀዳዳ ግን የማያልፍ መሆን አለበት።

ስለ አሠራሩ ባጭሩ፦ ለሁለት ተከፍሎ የሚገጣጠም ዘንግ ግዙ። 1.8 ሜትሩ ተከፍሎ 90 ሴንቲሜትር ስለሚሆን ባጃጅ ውስጥ ያለ ችግር ይገባል። የሚመዘዘው ዓይነት ቦርሳ ውስጥ መግባቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በየመገጣጠሚያው ስለሚጠነክር ጉብጠቱ ወጥ አይሆንም፣ አሸዋም ይገባበታል። ለልጅ የሚገዛ ከሆነ ካርቦኑን ተዉትና ፋይበርግላስ ይሁን፤ ትንሽ ይከብዳል፣ ግን ሲረገጥና ሲጋጭ ይችላል።

ሱቅ ውስጥ የሚደረገው ፍተሻ

ወደ ሱቅ ስትሄዱ ስድስት የ1 ብር ሳንቲም፣ ትንሽ ፕላስተር፣ ግማሽ ሜትር ክርና አንዲት ቁራጭ ጥጥ ያዙ። የ1 ብር ሳንቲም ክብደቱ ወደ 7 ግራም ይጠጋል፤ ይህም አልትራላይት ዘንግ የሚወረውረው የመጨረሻው ክብደት ነው። ዘንጉን ገጣጥማችሁ እንድትፈትሹ የማይፈቅድ ባለሱቅ ካጋጠማችሁ ‹ይቅርታ ወንድሜ› ብላችሁ ውጡ፤ ሳይገጣጠም የተገዛ ርካሽ ዘንግ ዕጣ እንደመቁረጥ ነው።

አንዱን ሳንቲም በፕላስተር ክሩ ላይ አጣብቁና ክሩን ከጫፉ ቀለበት ጋር እሰሩ። እጀታውን ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ ያዙና ዘንጉን አግድም ዘርጉት። በአንድ ሳንቲም ጫፉ ዝቅ ማለቱ በዓይን መታየት አለበት። ቀጥ ብሎ ከቀረ ምንም ይጻፍበት አልትራላይት አይደለም። ቀጥላችሁ የቀሩትን አምስቱን ጨምሩና ጉብጠቱ የት እንደሚጀምር ተመልከቱ። የጎበጠው የላይኛው ሲሶ ብቻ ከሆነ ዘንጉ ፈጣን ነው፤ ትንሽ ዓሣ መስሎ በሚሳብ የብረት ማታለያ ነጭ ዓሣ (ባርበስ) ለመሞከር ያገለግላል፣ ለሊጥ ግን ትንሽ ይቸኩላል። ጉብጠቱ እስከ መሐል ደርሶ ከዚያ በታች ቀጥ ካለ ለተንሳፋፊና ለሊጥ የሚሆነው እሱ ነው። እስከ እጀታው ከጎበጠ ቀረሶውን ከመቆሚያው እግር አታርቁትም። ሁለት ዘንግ መካከል ካመነታችሁ በሁለቱም ላይ እኩል ሳንቲም አንጠልጥላችሁ ጎን ለጎን አስተያዩ፤ በእጅ ከማወዛወዝ ይልቅ ይህ እውነቱን ያወጣል።

ከዚያ ሳንቲሞቹን ፍቱና ዘንጉን በእጅ አንጓ አንድ ጊዜ አወዛውዛችሁ አቁሙት። ጫፉ ሁለት ሦስት ጊዜ ተወዛውዞ መቆም አለበት። እየተንቀጠቀጠ የሚቆይ ከሆነ ሊጡ በአየር ላይ ሳለ ከመንጠቆው ይወልቃል።

ቀለበቶቹ ላይ ጊዜ ወስዳችሁ ቆዩ፤ ርካሽ ዘንግ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ነው። የቀለበቱ ብዛት የጫፉን ጨምሮ ከዘንጉ የጫማ ርዝመት በአንድ ቢበልጥ ጥሩ ነው፤ 1.8 ሜትር ማለትም 6 ጫማ ከሆነ ሰባት። አምስት ብቻ ካለው ዘንጉ ሲጎብጥ ክሩ ከዘንጉ አካል ጋር ይታሻል፣ ኃይሉም ወጥ ሆኖ አይከፋፈልም። እጀታውን ዓይናችሁ ሥር አድርጋችሁ ወደ ጫፉ ስትመለከቱ ቀለበቶቹ በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ትንሽ የጠመመ በክር ከታሰረ ቀለበት ሊቃና ይችላል፤ በሙጫ ላይ የደረቀውን ግን አትንኩት፣ ሌላ አስመጡ። በመጨረሻም ጥጡን አፍተልትላችሁ በእያንዳንዱ ቀለበት ውስጥ እያዞራችሁ አሳልፉት። ጥጡ አንድ ቦታ ላይ ከተያዘ የቀለበቱ ሴራሚክ ተሰንጥቋል ማለት ነው። ዓይን የማያየው ስንጥቅ 0.16 ሚሊሜትር ክርን በአንድ ጠዋት ይበላዋል፤ ገዢው ግን ክሩ መጥፎ ነው ብሎ ሌላ ክር ሲገዛ ይከርማል። የጫፉን ቀለበት ሁለት ጊዜ ፈትሹት፤ ከሁሉ በላይ የሚሠራው እሱ ነው።

መገጣጠሚያውን አስገቡና ዘንጉን ጆሮ አጠገብ አድርጋችሁ ነቅንቁት። ‹ቀጭ› የሚል ድምፅ ካለ ልል ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ጥቂት ሚሊሜትር ክፍተት መኖሩ ግን ብዙ ጊዜ ሆን ተብሎ የተተወ ስለሆነ ጉድለት አይደለም። እጀታው ስፖንጅ ይሁን ቡሽ ልዩነት የለውም። የማጠንጠኛው ማሰሪያ ግን ሲጠብቅ የማይንቀሳቀስ መሆኑን የራሳችሁን ማጠንጠኛ አስገብታችሁ እዩ።

በስልክ ወይም ከውጭ በሚመጣ ሰው በኩል ከሆነ የምትገዙት እነዚህን ፎቶዎች ጠይቁ፦ ከእጀታው በላይ ያለው ጽሑፍ፣ የጫፉ ቀለበት በቅርበት፣ ዘንጉ ተገጣጥሞ ከጎን፣ መገጣጠሚያው። ለአጓጓዡም ሰው ዘንጉን በፕላስቲክ የውሃ ቱቦ ውስጥ አስገብቶ ጫፎቹን በጨርቅ እንዲደፍን ንገሩት። በካርቶን ብቻ ከተጠቀለለ ጫፉ ተሰብሮ የሚደርስበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማጠንጠኛውና ፍሬኑ

ካላችሁ ገንዘብ ግማሹን ለዘንጉ፣ ሲሶውን ለማጠንጠኛው፣ የቀረውን ለክርና ለመንጠቆ መድቡ። ብዙ ሰው በተቃራኒው ለሚያብለጨልጭ ማጠንጠኛ ከፍሎ በቀረው ጠንካራ ዱላ ይገዛል። መጠኑ 1000 ወይም ከዚያ በታች ይሁን፤ 3000 የሚል ከሆነ በቀላል ዘንግ ላይ እጅ ያዝላል፣ ሚዛኑም ይዛባል። ተገጥሞ ሳለ ዘንጉን ከማጠንጠኛው እግር ፊት በአንድ ጣት ብትደግፉት ሳያጋድል ቢቆም ተስማሚ ነው። ‹10 ኩሽኔታ አለው› በሚለው ማስታወቂያ አትታለሉ። ቁጥሩ ስለ ጥራቱ የሚናገረው ነገር የለም፤ አንድ ሁለቱ ጥሩ ከሆኑ ይበቃል።

የሚመረመረው ፍሬኑ ነው። ፍሬን ዓሣው ሲስብ ክሩን እየያዘ የሚለቀው ክፍል ነው፤ መጥፎ ከሆነ መጀመሪያ ይይዝና ድንገት ይለቃል፣ ቀጭን ክር የሚበጠሰውም በዚያች ቅጽበት ነው። ክሩን ከማጠንጠኛው ላይ በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡት። ሳይነጥር እኩል እየፈሰሰ ከወጣ ደህና ነው። ለማስተካከል ደግሞ ሚዛን አያስፈልግም፦ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልታችሁ ከክሩ ጫፍ እሰሩና ማጠንጠኛውን ብቻ ይዛችሁ፣ በዘንጉ ሳታሳልፉ፣ አንሱት። ሃይላንዱ ወደ ግማሽ ኪሎ ስለሚመዝን ፍሬኑ ልክ ሲነሳ መንሸራተት ከጀመረ ለ2 ኪሎ ክር ትክክል ነው። ሃይላንዱ ተነሥቶ ቀጥ ካለ ፍሬኑ ጠብቋል፤ ከመሬት ካልተነሳ ላልቷል። አጥምዳችሁ ስትጨርሱ ፍሬኑን አላሉት፤ ተጨፍልቆ የሚያድር ፍሬን በሚቀጥለው ጊዜ ይነጥራል።

ክሩን ስትሞሉ ከመጠቅለያው ከንፈር 2 ሚሊሜትር ያህል ጎድሎ ይቅር። አብዝታችሁ ከሞላችሁ ክሩ እየዘለለ ይተበተባል፤ ካሳነሳችሁ በ2 ግራም ተንሳፋፊ አምስት ሜትር መወርወር እንኳ ያቅታል። 100 ሜትር ቀጭን ክር ለመቆሚያ ዳር ከበቂ በላይ ነው። መጠቅለያው ጥልቅ ከሆነ ከሥር አሮጌ ክር ጠቅልላችሁ አዲሱን ከላይ አድርጉ። ከዘንግ ጋር ተጠቅልሎ የመጣ ክር አብዛኛውን ጊዜ ወፍራምና የተጠማዘዘ ስለሆነ አውጥታችሁ ለዚህ ለሥሩ ሙሌት ተጠቀሙበት፤ ወደ ሐይቁ አትጣሉት፣ ወፍ ይጠልፋል።

ገንዘቡ ለሁለቱ ካልበቃ

ማጠንጠኛ የሌለው ዘንግ ከመጥፎ ማጠንጠኛ ይሻላል። ከ3 እስከ 4 ሜትር የሚረዝም ቀጥ ያለ ሸምበቆ ወይም ቀጭን ቀርከሃ ጥላ ውስጥ አንጠልጥሎ ማድረቅ፤ ሲደርቅ ቀንበጦቹን እስከ አንጓው ድረስ መላጥ፤ ጫፉ ከእርሳስ እስክሪብቶ ቀጠን ሲል መቁረጥ። ክሩን ጫፉ ላይ ብቻ አትሰሩት። ከጫፉ አንድ ሜትር ወደ ታች ወርዳችሁ አንድ ጊዜ እሰሩ፣ እየጠመጠማችሁ ወጥታችሁ ጫፉ ላይ ድገሙት። ሸምበቆው ከላይ ቢሰበር እንኳ ዓሣው ከነክሩ አይሄድም። የክሩ ርዝመት ከዘንጉ 30 ሴንቲሜትር ያህል ይጠር፤ ከረዘመ ዓሣውን እጃችሁ ላይ ማምጣት ያቅታችኋል። በዚህ ዘንግ ሊጡ የሚወርደው በትክክል ባሰባችሁበት ቦታ፣ ከመቆሚያው እግር አንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ይህን በማጠንጠኛ ዘንግ ለመድገም ልምድ ይጠይቃል። ፋብሪካ የሠራው ቀለበት የለሽ ተመዛዥ ዘንግም አለ፣ ቀለል ይላል። ጉድለቱ ግልጽ ነው፦ ትልቅ አምባዛ ከያዘው የሚለቀቅለት ክር የለም።

ዘንጉ ላይ የሚታሰረው

ቀረሶ በአብዛኛው የሚኖረው በውሃ ውስጥ ባሉ ረቂቅ አልጌዎች ነው፤ ትልቅ ጉርሻ አይለምድም። ናይለን ክሩ ከ0.14 እስከ 0.18 ሚሊሜትር፣ መንጠቆው ቁጥር 10 ወይም 12 ይሁን። የመንጠቆ ቁጥር ሲጨምር መጠኑ እንደሚያንስ አትርሱ፤ ለአምባዛ ከሚሸጡት መካከል ትንሹ የሚባለው እንኳ ለቀረሶ ትልቅ ነው። ተንሳፋፊው ከ1 እስከ 2 ግራም፤ መሐሉ የተሰነጠቀ ትንሽ እርሳስ ከመንጠቆው 15 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ቆንጥጡ። እርሳሱን እየጨመራችሁ ከተንሳፋፊው የጫፉ 1 ሴንቲሜትር ብቻ ከውሃ በላይ እስኪቀር አስተካክሉ። ግማሹ ከውሃ በላይ የቆመ ተንሳፋፊ ዓሣው ሲስበው ይከብደዋል፣ ሊጡን ይተፋዋል። ይሄኔ ሰው ‹ዛሬ ዓሣ የለም› ይላል።

ለሊጡ የዳቦውን ውስጥ በጥቂት ውሃ አሽታችሁ እጅ ላይ እስከማይጣበቅ አድርሱት። ከረጠበ በውርወራ ይወልቃል፣ ከደረቀ መንጠቆውን ይሸፍነዋል። ቀይ ትልም ይሠራል፤ ነገር ግን ወደ ታች ካወረዳችሁት አምባዛ ይቀድማል፣ በ2 ኪሎ ክር ደግሞ ለአምባዛ አትበቁም። ቀረሶ ሲነካ ተንሳፋፊው ይንቀጠቀጣል፤ አትቸኩሉ። ወደ ጎን መሄድ ወይም መስጠም ሲጀምር በእጅ አንጓ ብቻ 20 ሴንቲሜትር ያህል ቀና አድርጉ። በክንድ መንጠቅ ለወፍራም ዘንግ ነው።

ጠዋት ሐይቁ ጸጥ ሲል 1 ግራሙ ይበቃል። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው ሲነሳ ቀላሉ ተንሳፋፊ ወደ እግራችሁ ተመልሶ ይመጣል፤ 3 ግራም አድርጉ፣ ወይም ነፋሱን መቆሚያው ወደሚከልልበት ጎን ዙሩ። በክረምት ወንዞች ደለል ሲያመጡና ውሃው ሲደፈርስ የክር ቅጥነት ብዙ አያሳስብም፣ 0.20 ብታደርጉ ዓሣው አይለየውም።

የሚሰበርበት ምክንያት

ቀላል ዘንግ የሚሰበረው በዓሣ አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ዓሣውን ከውሃ ለማንሳት ዘንጉን ወደ ጀርባ ማጠፍ ነው። ዓሣው እግራችሁ ሥር ሳለ ዘንጉን ከራሳችሁ በላይ ቀጥ ካደረጋችሁት ሸክሙ ሁሉ የጫፉ 20 ሴንቲሜትር ላይ ያርፋል፤ ቀጭኑ ክፍል ደግሞ እሱ ነው። መቆሚያው ከፍ ያለ ከሆነ ረጅም እጀታ ያለው ትንሽ መረብ ያዙ፣ ከሌለ ክሩን በእጅ ይዛችሁ አንሱ።

ሁለተኛው መንጠቆ ሲያዝ ነው። እምቦጭ ሥር፣ ገመድ ወይም የሰጠመ እንጨት ከያዘው ዘንጉን አታጉብጡ። ዘንጉን በቀጥታ ወደተያዘበት አቅጣጫ ጠቁሙ፣ ክሩን በጨርቅ ጠቅልላችሁ እጃችሁን ከመቆረጥ ጠብቁና ወደ ኋላ ሂዱ። ክሩ ይበጠስ፤ ከዘንግ ክር ይረክሳል።

የቀረው የቤትና የመንገድ ነገር ነው፦ የባጃጅ በር፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና፣ ግድግዳ ላይ ተደግፎ ያደረ ዘንግ። የሚመዘዘውን ዓይነት በመወርወር አትክፈቱት፤ መገጣጠሚያው ነክሶ አይዘጋም። አንድ አንዱን በትንሹ እያዞራችሁ ሳቡ። የሁለት ክፍል ዘንግ መገጣጠሚያ ላይ ሻማ በስሱ ቀቡበት፤ አይላላም፣ አይነክስምም።

ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። በክረምት ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ ሲሰማ ዘንጉን አስቀምጡና ከውሃው ዳር ራቁ፤ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥርም አትወርውሩ። ዓሣ ለመከተል ብላችሁ በባዶ እግር ሣርና ደንገል ወዳለበት ውሃ አትግቡ፣ በጣና ዳርቻ ቢልሃርዝያ አለ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት አካባቢ ደግሞ ፀሐይ ስትጠልቅ ጉማሬ ወደ ዳር ስለሚወጣ ቀድሞ መነሳት ይሻላል። መቆሚያው የሰው ንብረት ከሆነ ባለቤቱን ጠይቁ፤ ስለ ፈቃድም ከፌዴራሉ አዋጅ ቁጥር 315/1995 ሌላ ክልሉ የራሱ ሕግ ስላለው የግብርና ጽሕፈት ቤቱን መጠየቅ ነው። ነጭ ዓሣ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉት ወንዞች ይወጣል፤ በዚያ ወቅት የወንዝ አፍ ላይ አታጥምዱ፣ እንቁላል የያዘውን ነው የምትጨርሱት።

ጫፉ ከተሰበረ ዘንጉን አትጣሉ። አዲስ የጫፍ ቀለበት ግዙ፣ ወይም አሮጌውን በላይተር ቀስ ብላችሁ አሙቁና ከተሰበረው ላይ በፒንሳ አውጡት። የተሰበረውን ቦታ በጥሩ ብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ፤ በሙቀት የሚቀልጥ የሙጫ ዘንግ አቅልጣችሁ ጫፉን ቀቡትና ቀለበቱን ወዲያው አስገቡ፣ ከሌሎቹ ጋር በመስመር እንዲሆን ሳይቀዘቅዝ አዙሩት። ሙቀቱ ዘንጉን ሳይሆን ሙጫውን ይንካ፤ ካርቦን ከተቃጠለ ይሰባበራል። የጠፋው እስከ 5 ሴንቲሜትር ከሆነ ልዩነቱ ብዙም አይታወቅም። ከ10 በላይ ከሆነ በሳንቲሙ እንደገና ፈትኑት። በአንድ ብር ጫፉ ዝቅ ካላለ ሊጡን ተዉትና 5 ግራም የብረት ማታለያ አስራችሁ ለነጭ ዓሣ አድርጉት።